ባለቤት ያጣ አሥራ አንድ ደቂቃ

ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ማርች 4

ጌታዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ወይዘሮ ማርቫ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ጽፌ ብዕሬን አስቀመጥኩና ተራራውን በመስኮት ሳይ ቆየሁ። አሁን ተመልሼ አነበብኩት። ይሁን፣ ደህና ነኝ።

ለጠየቁኝ፦ አዎን፣ የቢሮዎን ዕቃ ያሸግኩት እኔ ራሴ ነኝ። አራት ካርቶን ሆነ። ጸሐፊዎ «ይህን የሚሠራ ሰው አለ እኮ፣ ጄኔራል» አለችኝ። «ግድ የለም» አልኳት። የልጅ ልጅዎን ፎቶግራፍ በፎጣ ጠቅልዬዋለሁ፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ ከደረሰ ጥፋቱ የእኔ ነው።

በስንብትዎ ቀን ስላልተገኘሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰረዝኩት። ሥራ አልነበረም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሞተር አጥፍቼ ተቀምጬ የማርሽ ባንዱን ስሰማ ነበር። ሁለቱን ብሔራዊ መዝሙሮች፣ የአሜሪካንና የካናዳን፣ ተጫወቱ። የእኛን ትንሽ አፈጠኑት።

ተተኪዎ በዋሽንግተን እስኪጸድቅ በሁለቱ አገሮቻችን የጋራ አየር መከላከያ ዕዝ አዛዥ ወንበር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምክትል ሆኜ ከጎኑ ተቀምጬ ስመለከተው እንዲህ ሰፊ አይመስለኝም ነበር። አዳራሽ ስገባ ሁሉም ይነሳል፤ ምሳ ቤት ስገባ ወሬ ይቆማል። ካናዳውያኑ ራሳቸው ማክሰኞ ማክሰኞ ለሆኪ መጥራት ትተውኛል። ከአዛዥ ጋር ማን ይጋፋል?

የአጣሪ ቦርዱ ረቂቅ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ቋንቋ ያስቅዎት ስለነበር እንዳለ ልገልብጥልዎ፦ «ፌብሩዋሪ 9 ቀን ራዲዮው የማይመልስ አውሮፕላን ከሰሜን በኩል በመታየቱ ሁለት ተዋጊ ጄቶች ተነሥተዋል። አንደኛው በብልሽት ተመልሷል። ሻምበል ኖኤላ ጎዴ ብቻዋን ቀጥላ፣ ከዚያ ካለፈች ነዳጇ ለመመለስ ከማይበቃበት መስመር ላይ ደርሳለች። እንድትቀጥል ወይም እንድትመለስ ማዘዝ የሚችለው በዕዙ ወንበር ላይ ያለው ሰው ብቻ በመሆኑ ስፍራዋ ላይ እየዞረች ጠብቃለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አንድ ትእዛዝ አልተሰጠም። ስትመለስ ነዳጅ ጨርሳ በረዶው ላይ በፓራሹት ወርዳለች፤ በማግስቱ በብርድ ሞታ ተገኝታለች። ራዲዮው ያልመለሰው አውሮፕላን ለመንደሮች ብርቱካንና የበረዶ መኪና መለዋወጫ የጫነ ነበር።»

ቀጥሎ የእርስዎ ቃል ሰፍሯል። በአሥራ አንዱ ደቂቃ ዕዙ በማን እጅ ነበር ለሚለው፦ «በእኔ። ለጉዞ አውሮፕላን ስሳፈር ለምክትሌ ሳላስረክብ የስልኩ መስመር ተቆረጠ።»

እኔን የሚጠይቁኝ ማርች 26 ነው።

አክባሪዎ
ኤይናር ቶርላክሰን


ነብራስካ፣ ማርች 15

ኤይናር፣

መስታወቱ አልተሰነጠቀም። አንተ ያሸግከው ነገር እንኳን ከኮሎራዶ ከጨረቃም ቢወድቅ አይሰበርም። አራቱንም ካርቶን ግን አልከፈትኩም። ማርቫ አንዱን ላይ የስልክ ማውጫና የመድኃኒት ሣጥኗን አስቀምጣበታለች፤ ጠረጴዛ ሆኗል።

አይ፣ አልተቀየምኩህም። ይቅርታ ደግመህ እንዳትጠይቀኝ። መኪና ውስጥ መቀመጥህንም አውቅ ነበር፤ መኪናህን ከመድረኩ አይቻታለሁ። ከምክትሎች ሁሉ መኪናውን ሲያቆም መስመሩን ቅንጣት የማይነካ አንተ ብቻ ነህ።

እዚህ ጠዋት ጠዋት እህል ጎተራው አጠገብ ካለው ቤት ከገበሬዎቹ ጋር ቡና እጠጣለሁ። የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ወደ ስኒያቸው አቀረቀሩ። በሁለተኛው ደልበርት የሚባለው ሽማግሌ ቆብ ሳያወልቅ፣

«ጄኔራል፣ ሰማዩን ለማን ጥለኸው መጣህ?» አለኝ።

«ለካናዳዊ» አልኩት።

«እንግዲያ ካሁን በኋላ መብረቅ ከመምታቱ በፊት ይቅርታ ይጠይቃል ማለት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እናንተ ካናዳውያን ሁለት ሆናችሁ በር ላይ ስትገናኙ ትዝ አለኝ። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «የለም፣ እርስዎ»፤ ከኋላችሁ ያለነው አሜሪካውያን በብርድ እናልቃለን። ይህን ስልህ ሁልጊዜ ትስቃለህ። አሁን ትስቅ እንደሆነ አላውቅም።

ቦርዱ ሲጠይቅህ ነገሩ ቀላል ነው። መስመሩ ተቆረጠ፤ የርክክቡን ቃል አልሰማህም፤ ወንበሩ የእኔ ነበር። በቃ። በእጅ ስልክ የተነገረ ነገር አይቀዳም። ለምን እንዲህ አልክ ትለኝ ይሆናል። አዛዡ እኔ ነበርኩ።

እህትህ ዓሣ ትልክልህ ነበር አይደል? አሁንም ትልክልሃለች? ብላ። ከስተሃል ብለው ነግረውኛል።

ዋላስ


ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ማርች 29

ጌታዬ፣

ጠይቀውኛል። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሦስት አሜሪካዊ፣ ሦስት ካናዳዊ፤ ውኃ ቀድተው ሰጡኝ።

«የርክክቡን ቃል ሰምተዋል?» አሉኝ።

«እርግጠኛ ሆኜ መናገር አልችልም» አልኩ።

«ገብቶናል» አሉ ሁሉም ባንድ ላይ። ገብቷቸው ነው።

ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳለ ከኦታዋ ተደወለ። በክረምቱ መውጫ የአየር ኃይላችን አዛዥ እንድሆን ታስቧል። አመሰገንኩ። ለእህቴ ስልክ ደወልኩ፤ «እናታችን ይህን ሳታይ!» ብላ አለቀሰች፤ ቀጥላ ሐይቁ ገና አልቀለጠም፣ መረቦቹ ከበረዶው ሥር ናቸው አለችኝ። ለእርስዎ ግን የምነግርበትን ቃል ሦስት ቀን ሙሉ ስፈልግ ቆየሁ። እንዲህ ሆነ። ይኸው ነገርኩዎ።

ሌላም ነገር አለ። የሻምበሏ አባት ጽፈውልኛል። አልሲድ ጎዴ ይባላሉ፤ ኒው ብራንስዊክ ባሕር ዳርቻ ላይ ሎብስተር አጥማጅ ናቸው። እጃቸው ከባድ ነው፤ ብዕሩ ወረቀቱን አልፎ ወግቶታል። እንዲህ ይላሉ፦

«ጄኔራል፣ ጀልባ ላይ አንድ ሰው መሪውን ለቅቆ ሲሄድ ሌላው ይይዘዋል። በእኔዋ ሃያ አምስት ክንድ ጀልባ ላይ እንኳ መሪው ያለ እጅ አይቆይም። ልጄ ስትዞር የያዘው ማን ነበር? ስሙን ብቻ ይንገሩኝ። ልከሰው አይደለም።»

እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ደብዳቤያቸው ከዩኒፎርሜ የውስጥ ኪስ ነው።

ኤይናር


ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ኤፕሪል 11

ጌታዬ፣

መልስዎ ሳይደርሰኝ ደግሜ መጻፌ እንደማያስቀይምዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህ ደብዳቤ ራሱ የዘገየ ነው፤ መልስ ከጠበቅሁ አልጽፈውም።

ሰምቻለሁ።

ያን ቀን ለጉዞ ሊሳፈሩ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሥር ሆነው ነበር የደወሉት፤ ነፋሱ ይጮህ ነበር። ቃልዎ ግን ጥርት ብሎ ደርሶኛል። «ወንበሩ ያንተ ነው፣ ኤይናር።» ደንባችንን ያውቁታል። እኔ «ተቀብያለሁ» እላለሁ፤ እርስዎ ያን ሰምተው ይዘጋሉ፤ ተረኛዋ ደቂቃውን መዝገብ ላይ ትጽፋለች። አፌን ስከፍት መስመሩ የለም።

ለማን ልበል? እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ሰሚ በሌለበት ተቀብያለሁ ማለት ወንበሩን መንጠቅ መሰለኝ። የአራት ኮከብ አሜሪካዊ ጄኔራል ወንበር ነው። የእኛ አገር ሰው የሚቀመጥበት በአደራ ነው፤ ሲሰጡት። መልሰው ይደውላሉ፣ አልኩ። በራሴ ወንበር ላይ፣ ከእርስዎ ባዶ ወንበር ሁለት ክንድ ርቄ።

ተረኛዋ ኮሎኔል ስታድለር ዞር ብላ «ጌታዬ፣ ወንበሩን ይዘዋል?» አለችኝ።

እጄን አነሳሁ። «አንድ ደቂቃ። መልሰው ይደውላሉ።»

በትሕትና ነው ያነሳሁት። ያን እጄን አሁን ምግብ ቤት ሹካ ስይዝበት አየዋለሁ።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ መጠበቄን ማቆም ነበረብኝ። ከሁለት በኋላ ማቆም አሳፈረኝ፤ ለምን መጀመሪያውኑ ጠበቅክ ይሉኛል ብዬ። ከአምስት በኋላ የማስበው ስለ እሷ አልነበረም፤ ስለ እኔ ነበር። በአሥራ አንደኛው እርስዎ ከአየር ላይ በራዲዮ ገቡና «እንዴት እየሄደ ነው?» አሉ። ያን ጊዜ ነው ማንም እንዳልያዘው የታወቀው።

ቦርዱ የመጨረሻ ስብሰባውን ሜይ 22 ኦታዋ ላይ ያደርጋል። ሄጄ ልነግራቸው ነው። ሹመቱ እንደሚቀር አውቃለሁ። ከእርስዎ ሳልደብቅ ላድርገው ብዬ ነው።

ኤይናር


ነብራስካ፣ ኤፕሪል 20

ኤይናር፣

አታደርገውም።

ቁጣዬ እስኪበርድ አራት ቀን ጠበቅሁ፤ አልበረደም፤ ስለዚህ እንዳለ ይድረስህ። ያን ቃል የሰጠሁት ለአንተ ብዬ መሰለህ? ለወንበሩ ነው። ካናዳዊው ሰምቶ ዝም አለ የተባለ ዕለት፣ ከእንግዲህ አንድም አሜሪካዊ አዛዥ ወንበሩን ትቶላችሁ ጥርሱን ለማስነቀል እንኳ አይሄድም። በወረቀት ምክትል ትባላላችሁ፤ በተግባር እንግዳ ትሆናላችሁ። ሁለት አገር ባንድ ወንበር መቀመጡ የሚቆመው በእምነት ነው፤ አንተ ያን እምነት ኅሊናህን ለማሳረፍ ልትመነዝረው ነው።

ደግሞም እኔ በመሐላ ተናግሬአለሁ። አንተ እውነተኛ ስትሆን እኔ ማን እሆናለሁ? አስበኸዋል? እዚህ ሰዎች እጄን ይጨብጣሉ። ደልበርት ባለፈው «የራሱን ጥፋት የተሸከመ ሰው» ብሎ ለልጁ አስተዋወቀኝ። ሌላ የቀረኝ ነገር የለም፤ ካርቶኖቹን እንኳ አልከፈትኩም።

ለአልሲድ ጎዴ ጽፌላቸዋለሁ። «እኔ ነበርኩ» ብዬ። ስማቸውን ካንተ ደብዳቤ ነው ያገኘሁት፤ ለዚያ ይቅርታ። ስለዚህ መልስ አግኝተዋል። ሌላ መልስ አያስፈልጋቸውም።

ዋ.


ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ኤፕሪል 28

ጌታዬ፣

በስልክ ለጠየቁኝ፦ የለም፣ ደብዳቤዎን ለማንም አላሳየሁም። ለጠበቃም። እንዲህ ብለው እንዲጠይቁኝ ያደረግኩዎ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።

አዲሱ አዛዥ ገብተዋል። ጥሩ ሰው ናቸው። በሁለተኛው ቀን ለስብሰባ ሲሄዱ ወንበሩን ሰጡኝ። እኔም «ተቀብያለሁ» አልኩ፤ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ነበር ያልኩት። ጮክ አድርጌ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ኮሎኔል ስታድለር ደግሞ ዓይኗን ወደ መዝገቡ መለሰች። እሷ ጠርጥራለች። ከዚያን ዕለት ወዲህ የምታናግረኝ በቁጥር ብቻ ነው፤ ስንት ሰዓት፣ ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ዲግሪ።

ስለ እምነት የጻፉትን አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልክ ነዎት ይሆናል። ግን ያቺ ልጅ ስትዞር የነበረውም በእምነት ነው።

ለአባትየው የጻፉላቸውን አሰብኩበት። ደግ ነገር ነው። እውነት አይደለም። ሁለቱን ባንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለማስገባት ሞከርኩ፤ አልገባ አለኝ።

ሜይ 22 እሄዳለሁ። ይህን የምጽፈው ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም።

ኤይናር


ነብራስካ፣ ሜይ 9

ኤይናር፣

ያለፈውን ደብዳቤህን ማርቫ አነበበችው። ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ነው፤ ወይም ረስቼው አይደለም። መነጽሯን አውልቃ፣

«ዋላስ፣ ይህ ሰውዬ የሚያስበው ጥፋቱ በሙሉ የእሱ ነው እኮ» አለችኝ።

«አዎ።»

«ታዲያ አትነግረውም?»

ሠላሳ ስድስት ዓመት በትዳር ስትኖር እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመለስም፤ ይታዘዙታል።

መስመሩ አልተቆረጠም። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ነፋስ ነበር፤ ጆሮዬ ቀዝቅዟል፤ የበረራ ሠራተኞቹ በሩን ከፍተው ደረጃው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። «ወንበሩ ያንተ ነው» አልኩና ዘጋሁ። «ተቀብያለሁ» ስትል የሰማሁህ መሰለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁልጊዜ ብለሃል፤ በጭንቅላቴ ውስጥ አልከው፣ በቃኝ። ሌላ ምክትል ቢሆን ኖሮ እጠብቅ ነበር። አንተ ስለሆንክ ነው ያልጠበቅሁት። ይህን እንደ ሙገሳ እንዳትወስደው።

መስመሩ ተቆረጠ ያልኩት መጀመሪያ ለቦርዱ አይደለም። አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ሻምበሏ መሞቷ ገና ሳይታወቅ፣ ለረዳቴ ነው። አፌ ላይ መጣ። ከዚያ ወዲያ በእሱ ላይ ቤት ሠራሁበት። «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያልኩ ዋናውን ጥፋት ሸሸግሁ። አንተን ያዳንኩ መስዬ ራሴን ነው ያዳንኩት፤ አንተ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ስታመሰግነኝ ነበር። እያንዳንዱን «አክባሪዎ» ባነበብኩ ቁጥር የት እንደምገባ እንኳ አላውቅም ነበር።

ለቦርዱ ትናንት ደውያለሁ። ሜይ 22 እኔም እመጣለሁ። በተለያየ ሰዓት ነው የሚጠይቁን፤ አብረን እንድንቀመጥም አይፈቅዱም።

እባክህ ከእንግዲህ አንተ በለኝ። እርስዎ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም።

ዋላስ


ጊምሊ፣ ማኒቶባ፣ ጁን 6

ዋላስ፣

እንደምን ሰነበትክ? አንተ ብዬ ስጽፍ እጄ ሁለት ጊዜ ቆመ። ይለምደዋል። ማርቫን ሰላም በልልኝ።

እህቴ ቤት ነኝ፣ ላይኛው ክፍል። ጠዋት መረብ አግዛታለሁ፤ እጄ ለዓሣ ለስልሷል ብላ ትስቅብኛለች። ጎረቤቶቹ በጋዜጣ አንብበዋል። ሱቅ ስገባ ስለ አየሩ ጠባይ ያወሩኛል፣ በጣም ረጅም ጊዜ።

ኦታዋ በኮሪደሩ ስታልፍ አይቼሃለሁ። ኮትህ ሰፍቶሃል። አብሮህ ያለው ጠበቃ ክንድህን ይዞ ስለነበር ነው ያልጠራሁህ፤ አንተም ያየኸኝ መሰለኝ። ስለ ሹመቱ ለጠየቅከኝ፣ ቀርቷል፤ ደብዳቤው በጨዋ ቋንቋ ተጽፏል። ቦርዱ በአንተ ላይ የጻፈውን ወቀሳም አንብቤዋለሁ። ከበደብህ? ለእኔ ቀለል ያለ መሰለኝ፤ ይህን ማለቴ ያስቆጣሃል። ወንበሩን አልወሰዱብንም። ርክክብ ከእንግዲህ በሚቀዳ መስመር ብቻ ይሁን፣ መልስ ካልተሰማም ሰጪው እንደያዘው ይቆጠር ብለዋል። ሁለት መስመር ናት። ሁለት መስመር ነበር የጎደለን።

ስለ አባትየው ግን ጠይቀኸኝ በስልክ አልነገርኩህም። በስልክ የሚባል አልነበረም።

አልሲድ ጎዴ ከአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ተቀምጠው ሰሙን፤ መጀመሪያ አንተን፣ ከምሳ በኋላ እኔን። አጭር ሰው ናቸው፤ ለዚያ ቀን የተገዛ የሚመስል ሸሚዝ ለብሰዋል፤ የእጥፋቱ መስመር ይታያል። ሲያልቅ ሁሉም ወጣ፤ እሳቸው ቀሩ። ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ። የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ።

«ሁለት ሰው ነበራችሁ ማለት ነው» አሉኝ።

«አዎን፣ ሚስተር ጎዴ።»

«ያኛው ‹እኔ ነበርኩ› ብሎ ጻፈልኝ። አንተ ደግሞ ‹እኔ ነኝ› አልክ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በዚያን ቀን ግን አንዳችሁም አላላችሁም።»

ንግግሬ ጠፋብኝ።

«ትናገር ነበር ወይ? ስትዞር። ምን አለች?»

መዝገቡ «አብራሪዋ ሦስት ጊዜ መመሪያ ጠይቃለች» ነው የሚለው። ቃሏን ማንም አልጻፈውም። እኔ ግን የተቀመጥኩት ከድምፅ ማጉያው ሥር ነበር። ለቦርዱ አልተናገርኩትም፤ አልጠየቁኝም። ለአንተም በዚያ ሁሉ ደብዳቤ አልጻፍኩልህም። ሰምቻለሁ ያልኩህ ያንተን ድምፅ ብቻ ነበር።

«‹ስፍራዬ ላይ ነኝ። ሲመቻችሁ ንገሩኝ› ነው ያለችው።»

«ሲመቻችሁ?»

«ሲመቻችሁ።»

«ተቆጥታ?»

«አይደለም። ረጋ ብላ ነው።»

ወንበሩን በሁለት እጃቸው ያዙ። የሚወድቁ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፤ አልወደቁም።

«ትንሽ ሆና ከጀልባው ላይ ስትጣራ እንዲህ ነበር የምትለኝ» አሉ። «እጄ ሥራ ላይ መሆኑን እያየች። ሰንፌ ቆይቼ ስመጣ አትቆጣም ነበር። መቆጣት ነበረባት። እናቷ ‹ጮክ በይ› እያለች ታስተምራት ነበር፤ እኔ ‹ተዪያት፣ ጨዋ ናት› እላለሁ።»

ከዚያ፣

«ድገምልኝ» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

«እንደገና።»

አልኩ። ዓይናቸውን ጨፍነው በከንፈራቸው ይከተሉኝ ነበር። ሦስተኛውን ድጋሚ ሳይጠይቁኝ ነው ያልኩት፤ እሷ ያለችው ሦስት ጊዜ ነበርና።

ኤይናር